በአንድ ከሰዓት አምስት ዓመት ያደገችው እህቴ

ታናሽ እህቴ ፍሬ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በቀበሌው መዝገብ ላይ ግን አሥራ ስድስት ናት። ከዚያ በፊት ደግሞ ለሁለት ወር ያህል አሥራ ስምንት ነበረች። ይህን ያነበበ ሰው ወይ እኔ ቁጥር አላውቅም፣ ወይ ፍሬ የበላችው ነገር አለ ብሎ ያስባል። ቁጥር አውቃለሁ። ፍሬም የምትበላው እኔ የምበላውን ነው፤ እኔ ደግሞ ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ ቁመቴ ላይ አንድ ጣት አልጨመርኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በደህና ጥያቄ ነበር። ሰባተኛ ክፍል የገባች ልጅ የውጭ ቋንቋ ትምህርት መቼ ትጀምር? እንዲህ ያለ ጥያቄ ቤታችሁ ውስጥ ከተነሣ ምክሬ አጭር ነው፤ ሰው አትጥሩ። እኛ ጠራን።

እኔ መቱ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። ማመልከቻ፣ ውል፣ የምስክርነት ቃል፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሐዘን ማስታወቂያ እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ የሐዘኑን መጨረሻ የሠርጉ ጥሪ ላይ ለጥፌ «ሥርዓተ ቀብሩ በስድስት ሰዓት» ብዬ አውጥቻለሁ። ባለሠርጉ ሳያየው ግማሹን አድሎት ነበር። ሰው ግን በሰዓቱ መጣ አሉ፤ መቱ ውስጥ በሰዓቱ የተጀመረ ሠርግ እሱ ብቻ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። ፈተናውን ግን ወድቄያለሁ፤ የወደቅሁትም መልሱን አጥቼው አይደለም። ጥያቄውን ነው ያጣሁት። ቤት በአማርኛ አድጌ፣ እስከ ስምንተኛ በኦሮምኛ ተምሬ፣ ዘጠነኛ ስገባ መጽሐፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆኖ ጠበቀኝ። ፈተናው ላይ ስለ ኩላሊት የተጠየቀው ስለ ጉበት መስሎኝ፣ ስለ ጉበት የማውቀውን ሁሉ አስታወስኩ። ምርጫው ውስጥ ጉበት የሚመስል ሲጠፋ «ሲ»ን አጠቆርኩ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ «ሲ» እያልኩ ጨረስኩ።

ስለዚህ ፍሬ ሰባተኛ ክፍል ስትገባ እናቴን፣ «ይቺ ልጅ እንግሊዝኛ ከአሁኑ ካልጀመረች እንደኔ ናት የምትሆነው» አልኳት።

«ሰዎቹ ይምጡና ይነጋገሩበት» አለች እማዬ።

እማዬ ገበያ ውስጥ በርበሬና ኮረሪማ ትሸጣለች። በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ታዝላ የመጣች ናት። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያለ ሰው ምክር ምንም አትወስንም። ሽንት ቤታችን የት ይቆፈር የሚለው እንኳ የተወሰነው በሦስት ሰው ነው፤ በሩ ፊት ለፊት የሆነውም ለዚህ ነው።

ሦስቱ ሰዎች ሁልጊዜ እነዚያው ሦስቱ ናቸው። አንደኛው ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ንብ ያረባሉ፤ ከንቦቹ ጋር ሲያወሩ የማይሰማ ድምፅ አላቸው፤ ከሰው ጋር ሲያወሩም ያንኑ ድምፅ ነው የሚጠቀሙት። ሁለተኛው አለቃዬ ጋሼ ሱልጣን፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት፣ የስልጤ ሰው። ሦስተኛዋ እትዬ ወይንሸት የእማዬ የአክስት ልጅ ናቸው፤ ጎሬ ይኖራሉ፤ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ሴት ልጃቸው ሪያድ ናት። በላከችላቸው ገንዘብ ሳሎናቸውን ሴራሚክ አስነጥፈውበታል። እንግዳ ሲመጣ ጫማ ያስወልቃሉ፤ እሳቸው ግን ድምፁ እንዲሰማ በተረከዝ ጫማ ነው የሚሄዱበት።

እሑድ ከሰዓት ሦስቱም መጡ። ፍሬ በር ላይ ተቀምጣ ማስቲካ እያኘከች ስለ ራሷ የሚባለውን ትሰማለች።

ኦቦ ገመቹ ጀመሩ። «ልጅቷ አሁን ስንት ቋንቋ አላት?»

«ሁለት» አልኩ። «አማርኛና ኦሮምኛ።»

«በሁለቱ የምትለውን ብላ ጨርሳለች?»

ፍሬ በሁለቱ የምትለው መቼም እንደማያልቅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። 

ጋሼ ሱልጣን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ከስልጤ ስመጣ አማርኛም ኦሮምኛም አልችልም ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ማን አስተማረኝ? ደንበኛ። ቋንቋ የሚማሩት ከሚገዛ ሰው ነው። መቱ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚገዛ አለ? የለም። መንገድ ሊሠሩ የመጡት ቻይናዎች ግን ሁለት ደርዘን እስክሪብቶ ገዝተውኛል። ቻይንኛ ትጀምር።»

«ሄደዋል እኮ፣ ጋሼ» አልኩ።

«መንገዱ ሲፈርስ ይመለሳሉ።»

እትዬ ወይንሸት ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ቋንቋ ማለት የት ያደርሳል ነው። እንግሊዝኛ የት ያደርሳታል? እስቲ ይቺን የት አደረሳት?» በአገጫቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ።

«ፎቶ ኮፒ ቤት አድርሶኛል» አልኳቸው።

«እሱማ በእግርም ይደረሳል» አሉኝ። ከዚያ ወደ እማዬ ዞሩ። «ዓረብኛ ነው የሚያበላው። ቀድማ የጀመረች ማዳም ቤት ገብታ አትደናበርም፤ የኔዋ ሳታውቅ ሄዳ ስድስት ወር በምልክት ነው የኖረችው።»

እማዬ፣ «የምን ማዳም?» ብላ አልጠየቀችም። ያን ጊዜ ነው ጥያቄው ስለ ትምህርት እንዳልነበረ የገባኝ።

መጀመሪያ እንድሄድ የታሰብኩት እኔ ነበርኩ። ማትሪክ እንደወደቅሁ እትዬ ወይንሸት ሁሉን አመቻችተው አዲስ አበባ ድረስ ወሰዱኝ። ሜዲካል ላይ ሳንባዬ ላይ ጠባሳ ተገኘ። የበርበሬ ጆንያ ሥር ተኝቶ ያደገ ሳንባ ምን ሊሆን ኖሯል? ዶክተሩ ድሮ ታምመሽ ድነሻል አለኝ፤ ለመኖር ይበቃል፣ ለዓረብ አገር ግን አይበቃም። እትዬ ወይንሸት መንገዱን ሁሉ ሲናደዱ መጥተው ቤት ሲደርሱ እማዬን፣ «ሳንባዋ ቢያልፍም ምላሷ አያልፍም ነበር» አሏት።

ጠባሳ የሌላት ፍሬ ናት።

ምክሩ እንዲህ ተብሎ ተዘጋ፤ ፍሬ ስምንተኛን ትጨርስ፤ ለዓረብ አገሩ ዕድሜዋ እስኪደርስ ገና አምስት ዓመት ስላለ የቋንቋው ነገር በጊዜው ይታያል። ሁሉም ተስማሙ፤ የቀረበላቸውን በሉ፤ ሄዱ። እኔ ግን አምስት ዓመቱን ቆጠርኩት። ፍሬ ዘጠነኛ ስትገባ መጽሐፉ እንደኔ ካስደነገጣት፣ ማትሪክን እንደኔ «ሲ» ብላ ከወጣች፣ የሚይዛት ነገር የለም፤ ትሄዳለች። እንግሊዝኛ ካወቀች ግን ታልፋለች፤ ካለፈች ማንም አይነካትም። ስለዚህ ዛሬውኑ መጀመር አለባት። ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልወድም። እማዬ፣ ሆዴ ውስጥም የቆየሽው ሰባት ወር ብቻ ነው ትለኛለች።

ከተማው ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት በነፃ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ለመመዝገብ ሄድኩ። መዝጋቢው፣ «ለአዋቂዎች ነው፤ የቀበሌ መታወቂያ ያላመጣ አይገባም» አለኝ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ማሰብ የነበረብኝ። አላሰብኩም፤ ጻፍኩ።

የቀበሌ መታወቂያ የሚወጣው ሦስት ሰው «እናውቃታለን፣ ዕድሜዋ ይህን ያህል ነው» ብሎ ሲፈርም ነው። የምስክርነት ቃሉን የምጽፈው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ለከተማው ሁሉ፣ በቀን አሥር ጊዜ። የፍሬን ጻፍኩ። የቀበሌው ሥራ በኦሮምኛ ስለሆነ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ነው የጻፍኩት፤ «አሥራ ስምንት ዓመቷ መሆኑን እናረጋግጣለን»።

ጋሼ ሱልጣን ኦሮምኛ እንደ ውሃ ይናገራሉ፤ በቁቤ የተጻፈውን ግን አያነቡም። ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ «እዚህ ጋ» አልኳቸው። ስልክ እያወሩ ፈረሙ። ኦቦ ገመቹ ማንበብ አይችሉም፤ ያጠፉት ግን በማመን ነው። «የእድሩ ነው?» አሉኝ። «የፍሬ ትምህርት ነው፣ ኦቦ» አልኳቸው። ማር የነካ አውራ ጣታቸውን ተጭነው አነሡ። ወረቀቱ ዝንብ ሲያስከትል ነው ቀበሌ የደረሰው።

እትዬ ወይንሸት ብቻ አነበቡት። ከጎሬ ለገበያ መጥተው በሱቁ በኩል ሲያልፉ ነው የያዝኳቸው። መነጽራቸውን አወጡ። የመዝገብ ቤት ሰው ናቸውና ከላይ እስከ ታች ወረዱበት፤ ተመልሰው እንደገና አነበቡት።

«አሥራ ስምንት ይላል» አሉኝ።

«ለትምህርቱ ነው፣ እትዬ። ካለዚያ አያስገቧትም።»

«ትምህርት ጥሩ ነው» አሉና ፈረሙ። እንደዚያ ያማረ ፊርማ ሲፈርሙ አይቻቸው አላውቅም። ሞኝ ነኝና ተባብረውኝ መስሎኝ የሚኒባስ ከፈልኩላቸው።

ቀጥሎ ፍሬን ማሳደግ ነበር። የኔን ተረከዝ ጫማ ወረቀት ጠቅጥቄ አደረግሁላት፤ ከንፈሯን ቀባኋት፤ የእማዬን ሻሽ አሰርኩላት። ስጨርስ ከሠርግ የተባረረች ሚዜ መሰለች። ቀበሌ ስንገባ ዝናብ ይዘንባል፤ ጫማው ውስጥ ያለው ወረቀት ርሶ በየርምጃው ጩቅ ጩቅ ይላል።

የመታወቂያ ሠራተኛዋ ቀና ሳትል፣ «የተወለድሽበት ዓመት?» አለቻት።

የውሸቱን ዓመት ሳምንት ሙሉ አስጠንቻታለሁ። ፍሬ አፏን ከፍታ እውነተኛውን ልትናገር ስትጀምር አሳለኝ። ጠባሳ ያለበት ሳንባ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። ሠራተኛዋ ተነሥታ ውሃ እስክታመጣልኝ ድረስ አሳልኩ። ስትመለስ ፍሬ ትክክለኛውን የውሸት ዓመት ሰጠቻት። በአንድ ከሰዓት አምስት ዓመት አደገች። ስንወጣ፣ «አሁን ለብቻዬ ወንዝ መውረድ እችላለሁ?» አለችኝ።

እንግሊዝኛውን ሦስት ቅዳሜ ተማረች። ከጥበቃዎችና ከነርሶች መሀል ተቀምጣ ሆቴል ውስጥ ክፍል እንዴት እንደሚያዝ አጠናች። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ባሕር የሚያሳይ ክፍል መጠየቅ ቻለች። መቱ ላይ ባሕር የሚያሳይ ክፍል ባይኖርም ጅምሩ ጥሩ ነው ብዬ ነበር። በአራተኛው ቅዳሜ አዳራሹ ለስብሰባ ተፈለገና ትምህርቱ ቆመ። ስብሰባው እስካሁን አላለቀም።

መታወቂያው ግን ቀረ።

ትምህርቱ በቆመ በሁለተኛው ሳምንት ከሥራ ስገባ እትዬ ወይንሸት ቤት ተቀምጠዋል። የፍሬ መታወቂያ እማዬ ጭን ላይ ነው። አጠገቡ የፓስፖርት ፎርም አለ። ፎርሙን አወቅሁት፤ እኔው ሱቅ የታተመ ነው፤ ማሽናችን ጠርዝ ላይ ጥቁር መስመር ያወጣል።

«እግዜር ሲያሳጥረው እንዲህ ነው» አሉኝ እትዬ ወይንሸት። «መታወቂያ ነበር ችግሩ። ደላላው ዓመት ሳይሞላ ትሄዳለች ብሏል።»

«እማዬ» አልኩ። «አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አንቺ ነሽ የወለድሻት።»

«ወልጃታለሁ» አለች እማዬ። «ወረቀቱን የጻፍሽው ግን አንቺ ነሽ።»

«ለእንግሊዝኛው ነው እኮ!»

«እኔ አምስት ዓመት እጠብቃለሁ ብዬ ነበር። የቸኮልሽው አንቺ።» ከዚያ ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ። መዳፏ ቀይ ነው፤ ታጥቦ አይለቅም። «በዚህ እጅ ዓይኔን አብሼ አላውቅም። ሃያ ዓመት። ዕንባም ቢመጣ፣ ትንኝም ቢገባ ዝም ብዬ ነው የማሳልፈው። ለዚህች ይሄን ላውርሳት? ወይስ ያንቺን ፎቶ ኮፒ?»

 

በዚያው ሳምንት ፍሬ ዓረብኛ ጀመረች። የምታስተምረው ራውዳ ናት። ኖፓ ወረዳ የተወለደች ናት፤ ሪያድ አራት ዓመት ሠርታ ተመልሳ መቱ ላይ ጸጉር ቤት ከፍታለች። ከደንበኞቹ ወንበር ጀርባ አግዳሚ አለ፤ እዚያ ላይ ሊሄዱ የተዘጋጁ ሴቶች ተደርድረው ይማራሉ፤ አብዛኞቹ ከዳሪሙ ገጠር የመጡ ናቸው። ራውዳ ጸጉር እየሠራች ታስደግማቸዋለች። ጸጉር ማድረቂያው ሲጮህ ትምህርቱ ይቆማል።

የፍሬን ደብተር ገለጥኩት። በስተግራ ዓረብኛው በእኛ ፊደል፣ በስተቀኝ አማርኛው። «እሺ ማዳም።» «መጣሁ ማዳም።» «ሕፃኑ ተኝቷል።» «በልቻለሁ።» «አልደከመኝም።» ገጽ ስገለብጥ ሌላ ነገር አለ ብዬ ነበር። «ሌላ ልጥረግ?» ይላል። አልደከመኝም የሚለው ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ አንዱ ለቀን ነው፣ አንዱ ለሌሊት ነው አለችኝ ፍሬ።

«ደክሞኛል የሚለው የታለ?»

«እሱን አልደረስንበትም» አለችኝ። ከዚያ ማስቲካዋን ጉንጯ ሥር አድርጋ ሁሉንም በቃሏ ወጣችልኝ። ከጉሮሮ የሚወጣውን ድምፅ ሳይቀር። «ራውዳ ከሁሉም ጎበዝ አንቺ ነሽ ብላኛለች። ማዳሞቹ ቤት ዋይፋይ አለ አሉ፤ እውነት ነው?»

በነጋታው ቀበሌ ሄድኩ።

«ይቺን ልጅ ወደ አሥራ ሦስት መልሱልኝ» አልኳት የመታወቂያ ሠራተኛዋን።

«ሰው ወደ ላይ ነው የሚያድገው» አለችኝ። «ወደ ታች የሚያሳድግ ፎርም የለንም።»

«ስሕተት ነው።»

«የማን ስሕተት?»

«የኔ» ልል ስል ጣቷን አነሣች።

«ያንቺ ከሆነ ሐሰተኛ ሰነድ ነው። አንቺም፣ የፈረሙት ሦስቱም ትታሰራላችሁ። የመዝገብ ስሕተት ከሆነ ግን ምስክሮቹ ከእናቷ ጋር ቀርበው በቃላቸው ያርማሉ። የማን ነው አልሽኝ?»

«የመዝገቡ» አልኩ።

የትምህርት ቤት ካርዷን አወጣሁ። «ይኸው፣ እዚህ ላይ ትክክለኛው አለ።»

«ትምህርት ቤት ቤተሰብ የነገረውን ነው የሚጽፈው።»

«ቀበሌስ?»

«ቀበሌ ምስክር የነገረውን።»

ጋሼ ሱልጣን የፈረሙት ምን እንደሆነ ስነግራቸው ሁለት ቀን አላነጋገሩኝም። በሦስተኛው ቀን፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጮክ ብለሽ ካላነበብሽልኝ የሞቴንም ወረቀት አልፈርም» አሉኝ። ኦቦ ገመቹ አልተቆጡኝም። «ትምህርት ነው አልሽኝ» ብቻ አሉ፤ እንዲህ በዝግታ ሲናገሩ ከምሰማ መቆጣታቸው ይሻለኝ ነበር። እትዬ ወይንሸት ጠሩኝ ብለው ሳይሆን ሊያሸንፉኝ ከጎሬ በጠዋቱ መጡ።

ሁላችንም ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ፊት ተደረደርን። ፍሬን የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን አልብሻታለሁ፤ ካልሲዋን ሳይቀር እስከ ጉልበቷ ስቤላታለሁ። አምስት ዓመት ያሳደግኳትን በአንድ ካልሲ ልመልሳት ነው።

ኦቦ ገመቹ ተጠየቁ። «ልጅቷ ስትወለድ ለአራሷ ማር ይዤ ሄጃለሁ። የቆረጥኩት ዋንዛው ላይ ከሰቀልኩት ቀፎ ነው። ያ ዋንዛ ከወደቀ አሥር ዓመቱ ነው። ስለዚህ ከአሥር አታንስም።»

«ከስንት አትበልጥም?»

«ዛፉ የቆመው ሠላሳ ዓመት ነው» አሉ ኦቦ ገመቹ በታማኝነት። «መዋሸት አልፈልግም። ከአሥር እስከ አርባ ብለሽ ጻፊ።»

ጋሼ ሱልጣን ላብ አጥምቋቸዋል። «የመጀመሪያዋን የኮፒ ማሽን ያስገባሁ ዓመት ነው የተወለደችው። በደንብ አስታውሳለሁ።»

«ማሽኑን መቼ ነው ያስገቡት?»

አሰቡ። «ይቺ ልጅ የተወለደች ዓመት» አሉ።

ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እትዬ ወይንሸት አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡ፤ እንደ ሳሎናቸው ሴራሚክ ተረከዛቸው ሲሚንቶው ላይ ተሰማ። «እኔ አዋላጇ አጠገብ ቆሜ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ፊርማዬም እዚያው አለ፤ አንብቤ ነው የፈረምኩት።» ይህን ሲሉ እኔን ነው ያዩት።

የቀረችው እናቷ ናት።

«እናት፣ ስንት ዓመቷ ነው?»

እማዬ እትዬ ወይንሸትን አየች፤ ጋሼ ሱልጣንን አየች፤ እኔን አየች። ፍሬን አላየችም። ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር ገባና በመዳፏ ሳይሆን በክንዷ አበሰችው።

«አሥራ ስድስት» አለች።

ሁላችንም ዞር አልን። ሠራተኛዋ ግን እፎይ አለች፤ ቁጥር አገኘች። ጻፈች፤ ማኅተም መታች፤ የፍሬን መታወቂያ በመቀስ ለሁለት ቆርጣ መሳቢያ ውስጥ ጣለችው። «ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ ትወስዳለች» አለችን።

እማዬ ገበያ ላይም እንዲሁ ናት። ሻጭ ይህን ያህል፣ ገዢ ያን ያህል ሲባባሉ መሀል ላይ ትቆርጠዋለች። ያን ቀን የቆረጠችው ግን በርበሬ አልነበረም።

ውጭ እትዬ ወይንሸት ጥላቸውን ዘረጉ። «ሁለት ዓመት ምን አላት፤ ሳናውቀው ያልፋል» ብለው ወደ መናኸሪያው ሄዱ። እኔና እማዬ በጭቃው ውስጥ ፍሬን መሀል አድርገን ተከተልን።

«ለምን አሥራ ሦስት አላልሽም?» አልኳት።

«አሥራ ሦስት ብል አምስት ዓመት የመዝገብ ስሕተት ነው የሚል የለም፤ አንቺና ሱልጣን ትታሰሩብኛላችሁ። አሥራ ስምንት ብል ይቺ ትሄድብኛለች። አሥራ ስድስት የሚታሰርም የሚሄድም የለበትም።» ጥቂት ሄድን። «ለጊዜው» አለች።

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንበትም። ቤታችን እንደዚያው ነው፤ እኔ እጽፋለሁ፤ እማዬ ትሸጣለች፤ ፍሬ በሁለት ቋንቋ ታወራለች። ፍሬን ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፤ ጉበትና ኩላሊትን ለይታለች። ግን እኔ ለማን ምን አስተምሬ አውቃለሁ? ዘጠነኛ ስትገባ እንግሊዝኛው እዚህ ይያዛት አይያዛት አላውቅም። ሁለት ዓመት እንዳለን ግን አውቃለሁ። በቀበሌው ማኅተም የተመታ ሁለት ዓመት።

ባለፈው ቅዳሜ ፍሬን ይዤ ራውዳ ጸጉር ቤት ሄድኩ። ራውዳ የአንዲት ሴት ጸጉር ትከፍላለች። ደብተሩን ከፊቷ ዘረጋሁት።

«እዚህ ላይ የጎደለ አለ» አልኳት።

«ምን?»

«አገሬ መመለስ እፈልጋለሁ የሚለው።»

ሚዶዋ ጸጉሩ ውስጥ ቆመ። «እሱን አላስተምርም። ልጆቹ ይፈራሉ፤ ቤተሰብ ይቆጣኛል።»

«ታውቂዋለሽ?»

«ከሁሉ አብልጬ የማውቀው እሱን ነው» አለች። «ሦስት ዓይነት ነው። ለማዳም የሚባል አለ፤ እሱ ቀስ ተብሎ ነው፤ ዓይኗን አያዩም። ለኤጀንሲው በስልክ የሚባል አለ፤ እሱ ቶሎ ቶሎ ነው፤ ሳትጨርሺ ይዘጉብሻል። ለፖሊስ የሚባል አለ።»

«እሱስ እንዴት ነው?»

«እሱ በር ላይ ቆመሽ ነው። ሻንጣ አይያዝም።»

«ሦስቱንም አስተምሪያት» አልኳት።

ራውዳ ሴትየዋን በመስታወቱ አየቻት። «ማሎ፣ እባክሽ ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አለችኝ። ከዚያ አንድ በአንድ አለችው። ፍሬ በማስመሪያ አዲስ መስመር አሰመረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ጻፈች። ደገመችው። ራውዳ፣ «የማዳሙን ዝቅ አድርጊው» አለቻት፤ ዝቅ አደረገችው። «የፖሊሱን አታልቅሺበት፤ ስታለቅሺ አይገባቸውም።» ፍሬ አላለቀሰችም፤ ማስቲካ እያኘከች ነበር። ሳትሰናከል ወጣችው። «ጎበዝ» አለቻት ራውዳ።

ፍሬ እስክሪብቶዋን አገጯ ላይ አደረገች። «ሦስቱም ባይሰሙስ?»

«ያኔ በፈለግሽው ቋንቋ ትያለሽ። እኔ በኦሮምኛ ነበር።»

«ለማን?»

«ለልብስ ማጠቢያው» አለች ራውዳ፤ ሚዶውን እንደገና አነሣች። «እየዞረ ይሰማል። እሱ አይቆጣም።»

ወንበሩ ላይ ያለችው ሴት ሳቀች። ራውዳም ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ፍሬ ግን ጎንበስ ብላ አራት ቁጥርን ጻፈች፤ በስተግራ ያለውን የዓረብኛውን ቦታ ባዶ ትታ በስተቀኝ በኩል «ልብስ ማጠቢያ» ብላ አሰፈረች።